ሸክምን ስለ ማቅለል፤ ከልጆች ጋር ስለሚደረግ የተራራ ጉዞ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ፣ ስለ መንገድና ስለ ሕንፃ ብዙ ጠቃሚ ንግግሮች ተሰምተዋል። እኔ ዘንድሮ እንድናገር የተጋበዝሁት ግን ስለ ሥራችን ሳይሆን ስለ ዕረፍታችን ነው፤ ይኸውም ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በየተራራው ስለማደርገው የእግር ጉዞና ለዚሁ ጉዞ ስለሚመረጠው ቀላል ዕቃ ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲያዩት ከሙያችን የራቀ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን የእኛው ጉዳይ ሆኖ ይገኛል፤ ጥያቄው ስለ ጭነት፣ ስለ ጥንካሬና ስለ መጠባበቂያ አቅም ነውና።

በእግር መጓዝ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የገጠር ልጅ ትምህርት ቤቱን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ረዥም መንገድ በእግሩ ሄዶ ነው። እናቴ በወጣትነቷ ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል ብዙ ቀን በእግሯ ተጉዛ እንደ ደረሰች ዛሬም ታወጋናለች። የእንጦጦን ዳገት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከአካላቸው የሚገዝፍ የማገዶ ሸክም አዝለው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ሳያይ አይቀርም። ለእነርሱ ሸክም ዕጣ እንጂ ምርጫ አይደለም። ስለዚህ እኛ ሸክማችንን መርጠን የምንሸከም ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር በትሕትና ሊሆን ይገባል። ይህን አስቀድሜ መናገሬ የሚከተለው ሁሉ የጀግንነት ታሪክ መስሎ እንዳይታይ ብዬ ነው።

አዲስ የሆነው ሌላ ነገር ነው። የከተማ ልጆቻችን ከቤት ወደ ትምህርት ቤት በመኪና ይወሰዳሉ፤ ከትምህርት ቤትም በመኪና ይመለሳሉ። ዳገት ምን እንደ ሆነ እግራቸው አያውቅም። ከደጃቸው እንጦጦ፣ ትንሽ ራቅ ብሎም የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ይህ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ተተከለ ይነገርለታል። ልጆቻችን ግን ይህን ሁሉ በሥዕል ብቻ ያውቁታል። ባለቤቴና እኔ በእግር መጓዝን የቤተሰባችን ልማድ ለማድረግ የወሰንነው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጭነቱ እንለፍ። ረዥም ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ እንደሚያውቀው የድልድዩ ጥንካሬ አብዛኛው የሚውለው መኪናውን ለመሸከም ሳይሆን ድልድዩ ራሱን ለመሸከም ነው። የተጓዥም ነገር እንደዚሁ ነው። ከባድ ዕቃ የያዘ ሰው ጠንካራና ከባድ የጀርባ ቦርሳ ያስፈልገዋል፤ ከባድ ቦርሳ ያዘለ ሰው ከባድ ጫማ ይፈልጋል፤ ከባድ ጫማ ያደረገ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ የደከመም ብዙ ምግብ ይፈልጋል፤ ምግቡም ተመልሶ በቦርሳው ላይ ይጨመራል። ይህ ሰንሰለት በአንድ ቦታ ከተበጠሰ ግን ሁሉም በተራው ይቀልላል። ስለ ጫማ የተደረጉ ጥናቶች በእግር ላይ የተጨመረ 1 ኪሎ በጀርባ ላይ ከተጨመረ 1 ኪሎ ይልቅ ከ4 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ጉልበት እንደሚበላ አሳይተዋል። ስለዚህ ማቅለል የሚጀመረው ከእግር ነው።

ቀላል ዕቃ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያውኑ ከውጭ አገር የሚመጣ ውድ ዕቃ ይታየዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ኤማ ጌትዉድ የተባለች የ67 ዓመት አሜሪካዊት፣ የ11 ልጆች እናት፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ብቻዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጉዛለች። የያዘችው በእጇ የሰፋችውን ከረጢት፣ ለዝናብ መከላከያ የሚሆን የገላ መታጠቢያ መጋረጃ ላስቲክ፣ አንድ ብርድ ልብስና ጥቂት ስንቅ ሲሆን፣ በእግሯም የጨርቅ ሸራ ጫማ ነበር። ከእርሷ የምንማረው ላስቲክ መግዛትን ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ዕቃ "አንተ ለምን መጣህ?" ብሎ መጠየቅን ነው።

እኛም ይህንኑ ጥያቄ በወጥ ቤት ሚዛን አማካይነት ጠየቅን። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሦስት ቀን ለመሄድ ስናስብ፣ ልንይዘው ያሰብነውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን መዘንን። ለአራት ሰው የመኝታ ልብስ 17 ኪሎ፣ ድንኳን 7፣ የማብሰያ ዕቃና ነዳጅ 8፣ ምግብ 14፣ ልብስ 12፣ ቦርሳና መድኃኒት 5፤ በድምሩ 63 ኪሎ ሆነ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ዝርዝር ደጋግመን እየከለስን ወደ 32 ኪሎ አወረድነው። የመኝታው 7፣ ድንኳኑ 4፣ ማብሰያው 2፣ ምግቡ 8፣ ልብሱ 7፣ ቦርሳውና መድኃኒቱ 4 ኪሎ ሆኑ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ በአጭሩ ልግለጽ።

በመጀመሪያ መኝታን እንመልከት። ጋቢያችን በቤትም በዘመድ ጥየቃም የክብር ልብሳችን ነው። ሆኖም ጥጥ በመሆኑ ሲረጥብ ከራሱ ክብደት የማያንስ ውሃ ይጠጣል፤ ሙቀት መያዙም ይቀራል፤ እስኪደርቅም ቀን ይፈጃል። ሱፍ ግን እርጥበት ይዞም ቢሆን ያሞቃል። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጕር ባና መሥራቱ የደጋን ጠባይ ከማወቅ የመጣ ነው። ባና ግን ለጀርባ ይከብዳልና በስሊፒንግ ባግ ተካነው። ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው በላዩ የተጻፈውን የሙቀት መጠን በማስተዋል ያንብብ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ቁጥር ይጻፋል፦ አንዱ ተመችቶ የሚተኛበት፣ ሁለተኛው ተኰራምቶ የሚታደርበት፣ ሦስተኛው ነፍስን ብቻ የሚያተርፍበት ነው። ነጋዴ የሚያሳየው ዝቅተኛውን ነው፤ ለልጅ የሚመረጠው ግን የመጀመሪያው ነው። የሕፃን አካል ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የቆዳው ስፋት ትልቅ ስለሆነ ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ ሙቀት ያጣል። ከሥር የሚነጠፈውም ስፖንጅ ከላይ ከሚለበሰው አያንስም፤ ቀዝቃዛ መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይስባልና።

ሁለተኛው ምግብ ነው። በዚህ ረገድ ከማንም የምንማረው ብዙ የለም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ጨርሰውታል። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን ግን 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። እንግዲህ የገብስ ዱቄትን ከተነጠረ ቅቤ ጋር ያዋሐደው ጭኮ በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት የሚሰጥ ስንቅ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣም ውሃቸው አስቀድሞ ስለ ወጣ በጀርባችን ውሃ እንድንሸከም አያደርጉንም።

የበሶ ጥቅም ሌላም አለ። በ3,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ሙቀት ምስር ወይም ሽሮ ማብሰል ጊዜም ነዳጅም ይፈጃል፤ በፓርክ ውስጥ ደግሞ ማገዶ መልቀም ተገቢ አይደለም። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በዚያ ከፍታ ለማፍላት 330 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ የምድጃውን ብክነት ግማሽ ብናደርገው 15 ግራም ያህል ጋዝ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሻይ እናፈላለን፤ ድርቆሽ እናርሳለን፤ የቀረው በሶ ነው። የምንጭ ውሃም ለመጠጥ ሲፈላ በዚህ ከፍታ ሦስት ደቂቃ መንተክተክ ይገባዋል። ውሃ የምንይዘውም ማንም በሚጥለው የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው፤ በሚዛን ስናስቀምጠው 40 ግራም እንኳ አልሞላም።

ሦስተኛው የሸክም አከፋፈል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ልጅ ከራሱ ክብደት ከአሥር አንድ እጅ ብዙም ባይበልጥ መልካም ነው። በዚህ መሠረት 35 ኪሎ የሚመዝነው የ11 ዓመት ልጃችን 3 ኪሎ ተኩል፣ 22 ኪሎ የምትመዝነው የ8 ዓመት ልጃችን 2 ኪሎ፣ ባለቤቴ 9፣ እኔ 14 ኪሎ ያዝን። የቀረው 3 ኪሎ ተኩልና የመንገዱ ውሃ በተከራየነው ፈረስ ላይ ተጫነ። ትንሿ ልጃችን 2 ኪሎዋን ማንም እንዲቀበላት አልፈቀደችም፤ የወንድሟን መነጽርና የሁላችንንም ቆሎ የያዘች እርሷ ነበረችና!

የፈረሱ ባለቤት ጭነቱን አንሥቶ ሲመዝነው ሣቀና "ይህን ያህል ብቻ ከሆነ ፈረሱን ለምን ተከራያችሁት?" አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልሱም የዛሬው ንግግሬ ዋና ቁም ነገር ነው።

የባሌ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመና በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። የእኛ አሳብ ከዲንሾ ተነሥተን በመጀመሪያው ቀን ወደ ወብ ሸለቆ መግባት፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛው አምባ መዝለቅ ነበር። ሰዓቱንም አስልተን ነበር። ስኮትላንዳዊው ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣው ደንብ መሠረት ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገትም ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይታሰባል። ልጆች ካሉ በአንድ ተኩል ማባዛት ነው። 15 ኪሎ ሜትር ከ500 ሜትር ዳገት ጋር ስድስት ሰዓት ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ታሰበው ዋለ። ልጆቹ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታደን ከሩቅ አዩ፤ ሌሊቱ በረዶ ጣለ፤ ማንም አልበረደውም። ሲነጋ ግን ትንሿ ልጅ ራሴን አመመኝ አለች፤ ቁርስም እንቢ አለች፤ ቆይታም አስመለሳት። ከፍታ ሲያም የሚያሳየው ምልክት ይኸው ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው፤ መውረድ። ባለቤቴ አንዴ አየችኝና ድንኳኑን መንቀል ጀመረች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር በየጀርባችን ሆነ። ያ ባዶ ሊባል የሚችለው ፈረስ ልጃችንን በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተሸከማት። የፈረሱም ባለቤት ከዚያ በኋላ ስለ ጭነቱ ማነስ አልጠየቀኝም። ዲንሾ ስንደርስ ልጅቱ ራሷ "ዳቦ ቆሎው የት አለ?" አለች። ሳነቴን ሳናይ ተመለስን፤ ሳነቴ ግን እስከ ዛሬ በቦታው አለ።

ባልደረቦቼ፤ 63ቱን ኪሎ ይዘን ሄደን ቢሆን ኖሮ ፈረሱ በብርድ ልብስና በድስት በተሞላ ነበር። ያን ጠዋት ወይ ዕቃውን ወይ ጊዜውን መጣል ግድ ይሆንብን ነበር። ለመመለስ ብዙ ልፋት የሚጠይቅ ጉዞ ሰውን "ትንሽ እንታገሥ፣ ይተዋት ይሆናል" ያሰኘዋል። ይህ አሳብ ነው አደጋው። እኛ በሙያችን አንድን ምሰሶ ለሚመጣበት ጭነት ልክ ብቻ አንነድፈውም፤ ያላሰብነው ቢመጣ ብለን አቅም እናተርፋለን። በተራራም ላይ ሸክምን ማቅለል ማለት አቅምን ማትረፍ ማለት ነው። ስለዚህም የማይቀለሉ ሦስት ነገሮች አሉ፦ የዝናብና የብርድ መከላከያ፣ ውሃ፣ የመጀመሪያ ርዳታ መድኃኒት። እነዚህን ለማቅለል የሚጣጣር ሰው የድልድዩን ብረት ቀንሶ ድልድዩን አቀለልሁ እንደሚል ሰው ነው። ከ3,000 ሜትር በላይም የመኝታ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ የታወቀ ደንብ ነው። ይህን ሁሉ ጠብቆም ቢሆን አንዳንዱ ሰው፣ በተለይም ልጅ፣ ሊያመው ይችላል። ደንብ አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ የቀረውን የሚሸፍነው የመመለስ ነፃነት ነው።

በመጨረሻ አንድ አሳብ ለጉባኤው ላቅርብ። ጥሩ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ለአንድ ቤተሰብ ብቻውን ሲገዛ ዋጋው ከባድ ነው፤ በዓመት ከአሥር ቀን የማይበልጥ አገልግሎት ይሰጥና የቀረውን ጊዜ በቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። ማኅበራችን ሦስት ወይም አራት የቤተሰብ ድንኳን፣ ለአዋቂና ለልጅ የሚሆኑ የመኝታ ዕቃዎችና አንድ ሚዛን ገዝቶ፣ በመዝገብ እያስፈረመ ለአባላት ቢያውስ ብዙ ልጆች ተራራን በእግራቸው ሊያውቁት ይችላሉ። ከየጉዞውም የሚመለስ ቤተሰብ የትኛው ዕቃ እንዳገለገለውና የትኛው ያለ ሥራ እንደ ከበደው በዚያው መዝገብ ላይ ቢጽፍ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ በአገራችን ተራራና አየር የተፈተነ መመሪያ ይኖረናል። መዝገቡን ለመያዝና ዕቃውን ለመጠበቅ ባለቤቴና እኔ ፈቃደኞች ነን።