ስለ አንጎልና ስለ ነርቮች
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የተነገረ)



እዚህ የቆምነው ሦስት ተማሪዎች ሐኪሞች አይደለንም፤ ባዮሎጂ ገና በመማር ላይ ያለን ነን። ይህንን ርእስ የመረጥነው ዕውቀታችንን ለማሳየት ሳይሆን ዕዳ ስላለብን ነው።

ዕዳው እንዲህ ነው። ባለፈው የትምህርት ወቅት አንድ ጓደኛችን ከእራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ድንገት ወደቀ። ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ፥ አፉም አረፋ ይደፍቅ ጀመር። እኛስ ምን አደረግን? አንዳችን ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሁለተኛችን ጥርሱን በማንኪያ ለመፈልቀቅ ሲታገል ከንፈሩን አደማው። ሦስተኛችን ደግሞ፥ ለመናገር እናፍራለን፥ «አትንኩት፤ ይተላለፋል» ብሎ ወደ በሩ ሸሸ። እነዚያ ሦስት ሰዎች አሁን በፊታችሁ የምታዩአቸው ናቸው። ጓደኛችን ሲነቃ ማናችንም ዓይኑን ለማየት አልደፈርንም፤ እሱም ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከኛ ጋራ ማዕድ አልቀረበም። ይህንን እንድንናገር የፈቀደልን ራሱ ነው፤ ስሙን ግን አታንሡ ብሎናል።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ተዘግቶ፥ በሦስት ሽፋን ተጠቅልሎ፥ ውሃ በመሰለ ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ ለስላሳ አካል ነው። የአንድ ጐልማሳ ሰው አንጎል 1,400 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህ ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውነታችን ዐርፎ ሳለ ከሚያወጣው ኀይል ግን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። (በፈተና ሰሞን ጥናት አስራበን እያልን ምግብ ቤቱን የምናስቸግር ሰዎች በዚህ ልናመካኝ አንችልም፤ አንጎል ስናጠናም ስንጫወትም የሚፈጀው ብዙ አይለያይም።)

ዋና ዋና ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፤ ታላቁ አንጎል፥ ታናሹ አንጎልና የአንጎል ግንድ። ታላቁ አንጎል ቀኝና ግራ ሆኖ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፥ ሁለቱን ወገኖች እንደ ድልድይ የሚያገናኝ የክር ነዶ በመካከላቸው አለ። የግራው ወገን የቀኝ እጃችንንና የቀኝ እግራችንን፥ የቀኙ ደግሞ የግራችንን ያዛል። የላዩ ቅርፊት ግራጫ መልክ ያለውና እጥፍጥፍ ያለ ነው። ይህንን እጥፋት ዘርግተን ብናነጥፈው ስፋቱ ከ2,000 እስከ 2,500 ካሬ ሴንቲሜትር፥ ውፍረቱም ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ይኸውም በስፋትም በውፍረትም አንድ ሰፊ እንጀራ ማለት ነው። የምናስበው፥ የምናስታውሰው፥ የምንናገረው አብዛኛው ነገር የሚከናወነው በዚህ አንድ እንጀራ ላይ ነው።

ይህ ቅርፊት ሥራውን ተከፋፍሏል። ዓይናችን ከፊት ሆኖ ሳለ ያየነው የሚተረጐመው ከራስ በስተኋላ ባለው ክፍል ነው። የምንሰማው በጆሮ ግንድ በኩል፥ የመዳሰስ ስሜት በመሐል አናት በኩል ይደርሳል። የግንባሩ ክፍል ደግሞ እንቅስቃሴን፥ ዕቅድንና ራስን መግዛትን ይመለከታል። ይህ እንዴት ታወቀ ብላችሁ ብትጠይቁ፥ በብዙ ሰዎች መከራ ታወቀ እንላለን። በመስከረም 13 ቀን 1848 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በቬርሞንት ክፍለ ሀገር፥ ፊንያስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ቋጥኝ ለማፍረስ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ ፈንድቶ፥ ርዝመቱ ከ1 ሜትር በላይ፥ ክብደቱ 6 ኪሎ ያህል የሆነ ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው አልሞተም፤ ወዲያው ተናገረ፤ 11 ዓመት ከመንፈቅ ያህልም ኖረ። ነገር ግን ያከመው ሐኪም እንደ ጻፈው፥ አስቀድሞ የተረጋጋና በሥራው የተመሰገነ የነበረው ሰው ከዚያ በኋላ ተሳዳቢና ሐሳቡ የማይጸና ሆነ። በ1861 ዓ.ም. ደግሞ ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፥ የሚነገረውን እየሰማ «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር መናገር ያልቻለ በሽተኛ ሲሞት አንጎሉን ከፍቶ ቢያይ፥ በግራ ግንባሩ ክፍል በታች በኩል ጉዳት አገኘ።

ታናሹ አንጎል ከታላቁ በስተኋላ ከታች ተሸጉጦ ይገኛል። ሚዛን ጠብቀን እንድንሄድ፥ እጃችንም ጽሑፍ ሲጽፍ እንዳይዛነፍ የሚያደርገው እሱ ነው። የአንጎል ግንድ አውራ ጣት የሚያህል ሲሆን ትንፋሽንና የልብን ምት ይጠብቃል፤ እኛ ተኝተን እሱ አይተኛም።

ከግንዱ በታች፥ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ፥ የትንሽ ጣት ውፍረትና 45 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሰረሰር ይወርዳል። ከአንጎል 12፥ ከሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ወጥተው በሰውነት ሁሉ ይሠራጫሉ። ሰረሰር መልእክት አስተላላፊ ብቻ አይደለም። እጃችን የጋለ ምጣድ ሲነካ ሰረሰር የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቅ እጃችንን ያሸሻል፤ ማቃጠሉን የምናውቀው እጃችን ከሸሸ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ የተሠራው ነርቭ ሴል ከሚባሉ ደቃቅ ነገሮች ነው። በሰው አንጎል ውስጥ ቍጥራቸው 86 ቢሊዮን ያህል ሲሆን፥ የሚያስደንቀው ግን አብዛኞቹ፥ ማለት 69 ቢሊዮን ያህሉ፥ በታናሹ አንጎል መገኘታቸው ነው። እያንዳንዱ ሴል ከሌላው የተለየ መሆኑን የስፔኑ ራሞን ካሃል፥ ሁሉም የተያያዘ አንድ መረብ መሆኑን የኢጣልያው ጎልጂ ይከራከሩ ነበር። በ1906 ዓ.ም. ሁለቱም የኖቤልን ሽልማት አብረው ተቀበሉ፤ ጎልጂም በሽልማቱ ንግግር ላይ እንኳ የባልንጀራውን ሐሳብ ተቃወመ። በኋላ ካሃል ትክክል ሆኖ ተገኘ። መልእክቱ በሴሉ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ግን በአብዛኛው በኬሚካል ነው። ፈጣኑ ነርቭ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ሲያስኬድ፥ አንዳንዱ የሕመም ነርቭ ግን 1 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንቅፋት ሲመታን መመታታችንን ወዲያው ዐውቀን፥ ዋናው ሕመም ትንሽ ዘግይቶ የሚደርሰው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ። በጤናማ አንጎል ውስጥ አንዱ ሴል ሲናገር ሌላው ዝም ይላል፤ የሚቀሰቅስም የሚገታም አለ። ንግግራችን ሳይጀመር በዚህ አዳራሽ የነበረውን ጫጫታ አስቡ፤ ሁሉም ከጎረቤቱ ጋራ ይነጋገር ስለ ነበር ነገር ይገባ ነበር። ሁላችሁም ባንድ ድምፅ ብትጮኹ ግን ማንም ማንንም ባልሰማ ነበር። የሚጥል በሽታ ይህ ነው። ብዙ ሴሎች ባንድነት፥ ከመጠን ባለፈ ኀይል ሲተኩሱ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ ልቡናም ይጠፋል። ምክንያቱ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፥ የራስ ቅል ምት፥ አንጎልን ያጠቃ በሽታ ወይም ከዘር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ሰዎች ላይ ደግሞ ምክንያቱ አይገኝም።

በቋንቋችን «ጣለው» እንላለን። ጣዩ ማን ነው? በአነጋገራችን ውስጥ የማይታይ ታጋይ አለ፤ ፍርሃታችንም ከሱ የመጣ ይመስለናል። ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት በግሪኮች ዘንድ፥ በሂፖክራጥስ ስም በሚታወቁት መጻሕፍት ውስጥ፥ ይህ በሽታ ከሌላው በሽታ ይልቅ አምላካዊ እንዳልሆነና መነሻው አንጎል እንደ ሆነ ተጽፏል። እኛ በዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን ክብሪት ጫርን።

በሽታው በምራቅም ሆነ በመንካት አይተላለፍም። በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አሉበት፤ ተገቢው ሕክምና ቢደርሳቸው ከመቶ 70 ያህሉ ከመውደቅ ሊድኑ እንደሚችሉ የዓለም የጤና ድርጅት ይናገራል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ፌኖባርቢታል ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ በሽታ የሚሰጥ፥ ዋጋውም ርካሽ ነው። ጠበል የሚሄደውን አንነቅፍም፤ ነገር ግን መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ እንለምነዋለን፤ ድንገት ማቋረጥ በሽታውን ያብሳልና።

ስለ ክብሪቱ ደግሞ አንድ ነገር ደርሰንበታል። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይቆማል። ክብሪት ፈልገን፥ ጭረን፥ አሽትተን እስክንጨርስ ሰዓቱ ይደርሳልና ክብሪቱ ያዳነው ይመስለናል። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ በአጠገቡ ያለውን ወንበርና ድንጋይ አርቁ፤ ከራሱ በታች ኮት ወይም ጋቢ አድርጉ፤ የአንገቱን ቍልፍ ፍቱ፤ በአፉ ምንም አትክተቱ፤ መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል በጎኑ አስተኙት፤ ሰዓታችሁንም ተመልከቱ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

ይህንን ንግግር ለጓደኛችን ስናነብለት አንድ ነገር ጨምሩ አለን። የወደቀ ሰው ሲነቃ የት እንዳለ አያውቅም፤ መጀመሪያ የሚያየው ከብቦ የሚያፈጥበትን ሰው ፊት ነው። ስለዚህ ከእናንተ አንድ ሰው ብቻ አጠገቡ ይቀመጥና የሆነውን ዝግ ብሎ ይንገረው፤ ሌላው ዘወር ይበል።

በጠረጴዛው ላይ በሳሕን የተቀመጠው ከሥጋ ቤት ያመጣነው የበግ አንጎል ነው፤ ክብደቱ የሰውን አንድ ዐሥረኛ ያህል ቢሆንም ክፍሎቹ ያው ናቸው። ለሁለት ሰንጥቀነዋል፤ ታናሹ አንጎል ውስጡ የዛፍ ቅርንጫፍ መስሎ ይታያል። ከፊተኛው ረድፍ ጀምራችሁ በተራ ቅረቡ፤ መንካት የምትፈልጉ ጓንቱ በስተቀኝ ነው።