ከተጣለ ፌስታል የቆሻሻ መያዣ ከረጢት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ለቅሶ ላይ ሳለን የደረሰብንን የረሳ ያለ አይመስለንም። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሐዘንተኛው ተቀምጦ ሳለ ዝናቡ ጣለ። ቦዩ ተደፍኖ ኖሮ ጎርፉ ገንፍሎ ድንኳናችን ውስጥ ገባ። ያን ሌሊት ሁላችንም ሌላውን ስንወቅስ አደርን። በማግስቱ ቦዩን ስንጠርግ ግን ያወጣነው የራሳችንን ፌስታል ነው። ንፍሮ ያመጣንበትም ጭምር ነበረበት!

ታዲያ ምን ይደረግ? ጉዳዩን እንድናጠና የመረጣችሁን እኛ የተረዳነውን እነሆ እንገልጻለን።

ፌስታል የሚሠራው ፖሊኤቲሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ነገር ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ በመሆኑም ደግሞ ደጋግሞ ሊቀልጥ ይችላል። ፋብሪካው በመጀመሪያ ይለየዋል፣ ይከትፈዋል፣ ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፤ ከዚያም አቅልጦ እንደ ምስር ፍሬ ያደርገዋል። ፍሬው እንደገና ቀልጦ በክብ ቀዳዳ ሲወጣ አየር ይነፋበትና እንደ ረጅም ፊኛ ይሆናል። ቀዝቅዞ፣ ተጨፍልቆ ይጠቀለላል። ታችኛው ጫፍ በሙቀት ተጣብቆ ሲቆረጥ ከረጢት ሆነ ማለት ነው። የተደባለቀውን ቀለም ለመሸፈን ጥቁር ቀለም ይጨመርበታል። እንዲህ ያለው ከረጢት ለቆሻሻ እንጂ ለእህል መያዣ አይሆንም።

ዋናው ሥራ ግን የሚጀመረው ከየጓዳችን ነው። አሸዋ፣ ወረቀት ወይም እርጥበት ያለበት ፌስታል ከረጢቱን ይበሳሳዋል። የሃይላንድ ጠርሙስም ከፌስታል ጋር አይቀላቀልም፤ ፌስታሉ ከ105 እስከ 135 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲቀልጥ ጠርሙሱ ወደ 250 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል።

ስሕተታችንንም አንደብቅም። ከመጠየቃችን በፊት በአሮጌ በርሜል አቅልጠን ሞክረን ነበር። ያተረፍነው ሳልና ጥቁር ድንጋይ የመሰለ ነገር ነው። እባካችሁ በየግቢያችሁ እንዳትሞክሩት፤ ጢሱ መርዝ ነው።

ሕጉንም እናስብ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ላልበለጠ ፌስታል ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሏል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አጥብቆታል። ስለዚህ የምንገዛው ከረጢት የተፈቀደና ወፍራም መሆኑን አስቀድመን እንጠይቅ።

የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፦ እያንዳንዱ ቤት ፌስታሉን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ለብቻው ያስቀምጥ። በየወሩ መዋጮ ስንከፍል ይዘነው እንምጣ። ዕድሩ ሰብስቦ ለቆራሌው ወይም መልሶ ለሚያመርት ፋብሪካ ይሽጥ፤ በገንዘቡም ለድንኳናችን የቆሻሻ ከረጢት ይግዛ። ንፍሮውም ከእንግዲህ በሰፌድ ይምጣ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። የምንጥለው ነገር የሚያርፈው ሰው ደጃፍ ላይ መሆኑን ያን ቀን ሁላችንም አይተናል። እኛ ለቀብር የተሰባሰብን ሰዎች ነን፤ ለሞተው የምንደክመውን ያህል ለቋሚው ደግሞ ጥቂት ብንደክም ምን አለበት? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ የምትስማሙ እጃችሁን እንድታወጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።