ለቆዳ ሥራችን የትኛውን ሙጫ እንምረጥ?

(ለማኅበሩ አባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ሸዋ ሮቢት ላይም ሆነ ሰንበቴ ገበያ ከእኛ ቦርሳ የገዛ ሰው በሦስተኛው ወር ጠርዙ ተላቆ ካገኘው ሁለተኛ አይመጣም። ስለ ሙጫ መነጋገር ያስፈለገን ለዚህ ነው። በገበያ የምናገኘው በብዛት ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ነው። ሲደርቅ እንደ ጎማ ስለሚለመጥ ለሚታጠፍ ሥራ፣ ማለትም ለቀበቶ፣ ለጫማና ለቦርሳ ጠርዝ ይስማማል። ሁለቱንም ገጽ በስሱ ቀብተን፣ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቀን፣ አጋጥመን በመዶሻ እንመታዋለን። በደብረ ብርሃን ብርድ ይዘገያል፤ በእኛ ቆላ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ በጣት እየፈተንን ጥቂት ጥቂት እንቀባ።

ሁለተኛው የአናጺዎች ነጭ ኮላ ነው። ሽታው ቀላል ነው፤ ለጨርቅ ገበርና ለካርቶን ይሆናል። ክብደት ተጭኖበት ማደር አለበት። ውሃ ስለሚያለሰልሰው ለጫማ አንጠቀምበት።

ሦስተኛው ሱፐር ግሉ ነው። ወዲያው ይይዛል፤ ግን ደርቆ ስለሚሰበር ለሚታጠፍ ቦታ አይሆንም።

የትኛውንም ብንመርጥ፣ ልሙጡ የቆዳ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ሙጫው በደንብ አይዝም። የማንገቻን ሸክም የሚችለውም ክር ነው፤ ሙጫ እስኪሰፋ ድረስ ያግዛል። አዲስ ቆርቆሮ ስንገዛ ሁለት ቁራጭ ቆዳ አጣብቀን እናሳድር፤ በማግስቱ ቀትር ላይ ፀሐይ እናስመታውና በእጅ እንላቀው። የቆዳው ጭረት እየተቀደደ ከመጣ ሙጫው ጥሩ ነው፤ ሙጫው ብቻውን ከተላጠ ለሽያጭ ሥራ አናውለው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የማስቲሽ ትነት ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው ቤት ውስጥ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ የቡና ከሰልና የተኛ ሕፃን አሉ። በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። በውስጡ የሚገኙት እንደ ቶሉይን ያሉ ማሟሚያዎች አንጎልን ይጎዳሉ፤ ለፅንስም አደገኛ ናቸው። ጎዳና ላይ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች ምን እንደሚሆኑ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። ማስቲሽ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ከእሳት ርቆ ይቀባ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እህት ማስቲሽ ከሚቀባበት ቦታ ርቃ ስፌቱንና የኮላውን ሥራ ትያዝ። ልጅ ማስቲሽ ግዛ ተብሎ አይላክ። ክዳኑ ወዲያው ይገጠም፤ ይህ ሙጫው ሳይደርቅ እንዲቆይም ይጠቅመናል። ቆርቆሮው ተቆልፎ ይቀመጥ።

ደጋፊዎቻችንን የምንጠይቀው አየር የሚያስገባ አንድ ዳስና ቁልፍ ያለው ሣጥን ነው። ቦርሳው የሚሸጠው ለልጆቻችን እንጀራ ነው፤ ሥራው ራሱ እነሱን መጉዳት የለበትም።