የሳንባ ምች ስለያዘው ውሻና ስለምናደርግለት ርዳታ



መሐንዲስ ስለ ውሻ ሊናገር መነሣቱ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ነገር ግን ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ፣ ከወናጎ እስከ ኮቸሬ ባለው አገር የቡና ማጠቢያ ጣቢያም ሆነ የመንገድ ሥራ ካምፕ ያለ ውሻ ሲያድር እምብዛም አይታይም። ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ የሚታመመውም በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ነው። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው ሐኪሞች ከጻፉትና ካስረዱኝ፣ እንዲሁም በሙያዬ ስለ አየርና ስለ ቧንቧ ከማውቀው ነው።

ከስሙ ልጀምር። ይህን በሽታ በአማርኛ «የሳንባ ምች» እንለዋለን። ምች ሲባል ደግሞ የአገራችን ሰው ሐሳቡ ወዲያው ወደ ዳማከሴ ይሄዳል፤ ቅጠሉ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ጭማቂው ይጠጣል ወይም በአፍንጫ ይንጠባጠባል። ስሙ መድኃኒቱን ጎትቶ ያመጣዋል ማለት ነው። ስለዚህ ውሻው ማሳል ሲጀምር ሁለት ሰዎች ይይዙታል፤ አንዱ አፉን ይፈለቅቃል፣ ሌላው ዳማከሴውን፣ ጤና አዳሙን ወይም የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርት በጠርሙስ ይግተዋል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋናው ነገር ይህ መጋት ራሱ ሳንባውን የሚያሳምም መሆኑን ነው።

ሳንባ ውስጥ አየርና ደም የሚገናኙባቸው እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። በሳንባ ምች ጊዜ እነዚህ ከረጢቶች በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ፤ አየር ቢሳብም ከደም ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ ያጣል። በእኛ ቋንቋ ማጣሪያው ተደፈነ እንላለን፤ ሆኖም የፋብሪካ ማጣሪያ ወጥቶ ይታጠባል፣ ሳንባ ግን ራሱን በራሱ ማጽዳት አለበት፤ ከሚያጸዳባቸው መንገዶችም ዋነኛው ሳል ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሳል ለማፈን መሯሯጥ ተገቢ አይደለም።

መንሥኤው ብዙ ነው። ቦርዴቴላ የሚባለውን የመሰሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ዲስቴምፐር የተባለው ቫይረስ አለ፤ በቡችሎች ላይ የሆድ ትል እጮች በሳንባ በኩል ሲያልፉ የሚያደርሱት ጉዳት አለ። ከሁሉም ይልቅ እኛን የሚመለከተን ግን ምግብ፣ ትውከት ወይም መድኃኒት ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ የሚያመጣው ነው። ውሻ ሲውጥ የአየር ቧንቧው አፍ በክዳን ይሸፈናል። ክዳኑ በወጉ የሚሠራው ግን እንስሳው በፈቃዱ ሲውጥ ነው፤ አንገቱ ወደ ላይ ተቀልብሶ፣ እየታገለና እያለከለከ ሳለ የሚፈስበት ፈሳሽ መንገዱን ክፍት ያገኘዋል። ዘይትና ቅባት ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ ሳል እንኳ ሳይቀሰቅስ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። በአፍንጫ የሚንጠባጠበውም ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም።

መጋት የሚከለከልበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸኛው ለሰው ነው። ልጋጉን የሚያዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ አጥንት የተሰነቀረበት የሚመስል፣ ድምፁ የተለወጠ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። ከእንዲህ ያለው ውሻ አፍ እጁን የሚያስገባ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል። የተነከሰ ወይም ልጋጉ ቁስሉን የነካው ሰው ወዲያውኑ ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለምና።

እንግዲህ ውሻው መታመሙን በምን እንወቅ? አፍንጫው ደረቀ ወይስ ረጠበ የሚለው የቆየ ምርመራ ብዙም አይነግረንም። የሚሻለው መቁጠር ነው። ውሻው ተኝቶ ሳለ ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ውሻ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእንቅልፉ ከ40 በላይ ከሆነ ነገሩ አሳሳቢ ነው። ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ስለሆነ፣ በፀሐይ ሲሮጥ ቆይቶ የመጣውን መቁጠር ያሳስታል። የሰውነቱ ሙቀት በጤናው ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ድዱ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አመድማ ከተለወጠ፣ ወይም ክርኖቹን አርቆና አንገቱን ዘርግቶ ቆሞ መተኛት እምቢ ካለ፣ ሰዓታት እንጂ ቀናት የሉንም።

ሕክምናው የሐኪም ነው። በባክቴሪያ የመጣው በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታከማል፤ ሕክምናውም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ከሰው የተረፈ ክኒን ለሦስት ቀን ሰጥቶ ማቋረጥ ሕክምና አይባልም። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለውሻ መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዲላ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያም ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ለተቃጠለ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ከዚያ የሚርቅ መንገድ እንጓዝ የለምን?

የተፈጥሮ ርዳታ ታዲያ የለም ወይ? አለ፤ ነገር ግን ከቅጠል ይልቅ አየር፣ ሙቀት፣ ውሃና አተኛኘት ነው። ውሻው ጭስ ከሌለበት፣ ነፋስ በቀጥታ ከማይመታው ደረቅ ቦታ ይተኛ። በአንድ ጎኑ ብቻ ከቆየ የታችኛው ሳንባ እየተጨመቀ ፈሳሽ ይጠራቀምበታልና መነሣት ካቃተው በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ይገላበጥ፤ ከተቻለም በደረቱ እንዲተኛ በከረጢት ይደገፍ። እንፋሎት አክታውን ያላላል፤ ውሃው ግን ውጪ ይፍላና ድስቱ ውሻው ከማይደርስበት ይቀመጥ። በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ ማስገባት ውሻውንም ሰውየውንም በጋዝ መግደል ነው። ለሰው ጉንፋን የምንታጠነው ባሕር ዛፍም ይቅር፤ ኃይለኛው ዘይቱ የታመመውን ሳንባ ያስቆጣዋል። ከእንፋሎቱ በኋላ ውኃ ለመጨለፍ እንደምናደርገው መዳፍን አጉድጉዶ የደረቱን ሁለት ጎኖች ለጥቂት ደቂቃ በቀስታ መታ መታ ማድረግ አክታው እንዲወጣ ይረዳል፤ ሐኪሙ ከፈቀደና ውሻው ካልታመመበት። ከበላ በኋላ ወዲያው አይደረግም።

ለብ ያለ የሥጋ መረቅ ይቅረብለት፤ እምቢ ካለ አይገደድ። ጥቂት ማር በሳሕን ቢቀመጥለትና ራሱ ቢልስ ጉሮሮውን ያለዝብለት ይሆናል፤ ምቹን ግን አያድነውም። መረቁ ሽንኩርት አይግባበት። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል፤ አየር ያጠረውን እንስሳ ኦክስጅን ተሸካሚውን መንሣት ማለት ነው። የወጥ ትራፊያችን በአብዛኛው ሽንኩርት መሆኑን ልብ በሉ። ቡናም እንደዚሁ ያደርገዋል አትበሉ፤ እርሱ የሚጎዳው በሌላ መንገድ፣ ልብንና ነርቭን በማወክ ነው። ለእኛ መነቃቂያ ነው ብሎ ለደከመው ውሻ ቡና ማቅረብ አይገባም።

አሁን ወደ ሙያችን ልመለስ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር ዛፍ ከላይ፣ እንሰት ከመካከል፣ ቡና ከሥር ሆኖ የተደራረበ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ስለዚህ ነው። ለቡናው በረከት የሆነው ጥላና እርጥበት ግን እርጥብ መሬት ላይ ለሚያድር ውሻ ጠላት ነው፤ ወደ ቡሌ ደጋ ሲወጣ ብርዱም ይጨመራል። ቤቱ ከትርፍራፊ ጣውላ ወይም ከቀርከሃ ይሠራል። ወለሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ በሩ ከነፋሱ አቅጣጫ ይዙር፤ ከጣሪያው ሥር የአየር መውጫ ይተውለት፤ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ይነጠፍና ሲረጥብ ይለወጥ።

የቀረኝ ክትባት ነው። ዲስቴምፐር ክትባት አለው፤ ቡችላው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። በሽታው በግቢያችን አጥር አይወሰንም። ከእኛ በስተምሥራቅ በባሌ ተራሮች በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች የሚበዙት ይኖራሉ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 እና በ2006፣ እንደገናም በ2010 ዲስቴምፐር ብዙዎቹን ፈጅቷል። የቤት ውሾች ለዚህ ዓይነቱ በሽታ ዋነኛ ምንጭ ተደርገው ይታያሉ። በየፕሮጀክቱ የጥበቃ በጀት ላይ የዘበኛው ካፖርትና የእጅ ባትሪ ተዘርዝረው እናያለን፤ ከዚያው ሥር የውሻው የዲስቴምፐርና የእብድ ውሻ ክትባት አንድ መስመር እንዲጨመር ለማኅበሩ ሐሳብ አቀርባለሁ።