በውሃ ውስጥ ስለሚሰወር የተባይ መርዝ
ለመምህራንና ለሀገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



ሰው ከጥንት ጀምሮ ውሃን የሚመረምረው በዓይኑ፥ በአፍንጫውና በምላሱ ነው። ጠርቶ ከታየ፥ ካልሸተተና ጣዕሙ ካልተለወጠ መልካም ውሃ ነው ብሎ ይጠጣዋል። ኋላ ደግሞ በጠራ ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን እንደሚኖሩ ስለ ታወቀ፥ ውሃን አፍልቶ መጠጣት በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ይህ ትምህርት ዛሬም የመጀመሪያውን ስፍራ ይይዛል፤ በውሃ የሚተላለፈው ተቅማጥ ብዙ ሕፃናትን ይቀጥፋልና። ነገር ግን ዓይንም አፍንጫም ምላስም የማያገኙት፥ ማፍላትም የማያስወግደው ሌላ ጉዳት አለ።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ሆርሞን የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። በሰውና በእንስሳ ሰውነት ውስጥ ልዩ ልዩ እጢዎች አሉ፤ ከነዚህ የሚመነጨው ረቂቅ ነገር በደም ተጭኖ ወደየክፍሉ እየደረሰ ሥራውን ያዛል። ይህንንም እንግሊዛዊው ሊቅ ኤርነስት ስታርሊንግ በ1905 ሆርሞን ብሎ ሰየመው (እዚህ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሕፃኑ እንዲያድግ፥ የወንድና የሴት አካል በማሕፀን እንዲለይ፥ ኋላም ለወንዱ ጢም እንዲያበቅል ለሴቲቱም ጡት እንድታጎጠጉጥ የሚያዘው እርሱ ነው።

በቀድሞ ዘመን ከቤተ መንግሥት ወደ አገረ ገዢ የሚላክ መልእክተኛ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ይሄድ እንደ ነበረ ሽማግሎች ያውቃሉ። ገዢው የሚታዘዘው ማኅተሙን አይቶ ነው። እንግዲህ ማኅተሙን አስመስሎ የቀረጸ ሐሰተኛ ቢመጣ፥ ገዢው ሳያውቅ የሐሰቱን ትእዛዝ ይፈጽማል፤ ወይም ሐሰተኛው በሩን ይዞ እውነተኛው መልእክተኛ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ሰው በፋብሪካ ከሠራቸው ነገሮች አንዳንዶቹ በሰውነት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው። ከነዚህም መካከል ዲዲቲና ሌሎች የተባይ መርዞች፥ ፕላስቲክ የሚሠራባቸው አንዳንድ ቅመሞች፥ ከሰው ሽንት ጋራ ወደ ወንዝ የሚወርደው የወሊድ መከላከያ ኪኒን ሆርሞንም ይገኛሉ። መርዝ ሁሉ ወዲያው የሚገድል የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ይህ አይገድልም፥ ያሳስታል እንጂ።

ምን ያህሉ እንደሚበቃ በካናዳ ሀገር ተፈትኗል። በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ለምርምር ብቻ የተለዩ ትንንሽ ሐይቆች አሉ። ሊቃውንት ከ1901 መቶ ዓመት በኋላ፥ ማለት ከ2001 እስከ 2003፥ ከነዚህ ባንዱ ውስጥ የኪኒኑን ሆርሞን በየበጋው ጨመሩ። ሐይቅን አውቆ መበከል ለሰሚው የሚከብድ ነገር ነው፤ ሆኖም ዓሣ በብርጭቆ ገንዳ ውስጥ የሚሆነውን ማየት በሐይቅ የሚሆነውን ስለማያስረዳ አደረጉት። ልኩ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከአንድ ግራም ቢሊዮን እጅ 5 ወይም 6 እጅ ብቻ ነበረ። መምህሩ ይህን በሰሌዳ ላይ ቢያሳስብ መልካም ነው፤ ርዝመቱ 1000 ሜትር፥ ስፋቱ 100 ሜትር፥ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ 200 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ግራም ቢበተን ልኩ ያው ነው። ከዚህ የተነሣ ወንዶቹ ዓሦች የሴት ዓሣ እንቁላል የሚሠራበትን ፕሮቲን በሰውነታቸው ማበጀት ጀመሩ፤ ትንሹም ዓሣ ዘሩን መተካት አቅቶት ከሐይቁ ሊጠፋ ደረሰ። ሆርሞኑ መጨመሩ ከቆመ በኋላ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ በዛ።

በአሜሪካ በፍሎሪዳ የሚገኘው የአፖፕካ ሐይቅ ደግሞ በ1980 በአቅራቢያው ከነበረ ፋብሪካ ዲዲቲ ያለበት የተባይ መርዝ ፈሰሰበት። ከዚያ በኋላ የአዞ ግልገሎች ቁጥር እጅግ አነሰ፤ ሉዊስ ጊሌት የተባለው ሊቅና ባልንጀሮቹም ከተረፉት ወንዶች የወንድነት ሆርሞናቸው የጎደለ፥ የወንድነት አካላቸውም ያነሰ ሆኖ አገኙ። የዲዲቲ ቅሪት በእንቁላሎቹ ውስጥ ተገኝቷል። ጉዳቱ የደረሰው ገና ሳይፈለፈሉ ነው ማለት ነው።

ይህ የዓሣና የአዞ ነገር ነው፥ ሰውን ምን አገባው የሚል ቢኖር፥ በመድኃኒት የሆነውን ይስማ። በአሜሪካ ፅንስ እንዳይጨነግፍ ተብሎ ለእርጉዝ ሴቶች ለብዙ ዓመት የተሰጠ በፋብሪካ የተሠራ ሆርሞን ነበረ። በ1971 ሐኪሞች በወጣት ሴቶች ላይ እጅግ ብርቅ የሆነ ነቀርሳ አይተው ቢመረምሩ፥ እናቶቻቸው እነርሱን ሲፀንሱ ያንን መድኃኒት የወሰዱ ሆነው ተገኙ። የሐሰቱ መልእክተኛ የገባው በማሕፀን ነበረ፤ በሽታው የወጣው ልጆቹ ካደጉ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ዲዲቲ ወባን ለመከላከል በየቤቱ ግድግዳ ለብዙ ዓመት ሲረጭ ኖሯል። ብዙ ነፍስ ማዳኑን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን ቶሎ የማይበሰብስ ስለ ሆነ በዝናብ ታጥቦ ወደ ውሃ ይወርዳል፤ በስብም ውስጥ ይከማቻል፤ ትንሹን ዓሣ ትልቁ ሲበላው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። በዝዋይ ሐይቅ ዓሦች፥ በጅማም አካባቢ በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ይህን የሰማች እናት ግን ከቶ ጡት እንዳታስጥል መምህራን አጥብቀው ሊነግሯት ይገባል፤ የጡት ወተት ለሕፃኑ የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ ጉዳት እጅግ ይበልጣልና።

በመንደር ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የመድኃኒቱ ባዶ ጀሪካን ነው። ጠንካራና ክዳኑ የሚገጥም ስለ ሆነ ገበሬው ሊጥለው ይሳሳል፤ ሌላ ለመግዛትም ገንዘብ ያጥረዋል። በሳሙናና በአመድ ታጥቦ ሽታው ሲጠፋ ንጹሕ ሆነ ተብሎ ውሃ ይቀዳበታል፤ ጠላም ዘይትም ይቀመጥበታል። ፕላስቲኩ ግን መርዙን ወደ ውስጡ ይመጣል፥ ቀስ በቀስም ለውሃው ይመልሳል። ውሃ የምትቀዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴቲቱ ናት፤ እርጉዝም ብትሆን ከዚያው ትጠጣለች።

ስለዚህ ባዶው ዕቃ መድኃኒቱ እንዳለቀ እዚያው እርሻው ላይ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፤ እጣቢው ከሚረጨው መድኃኒት ጋራ ተጨምሮ በማሳው ላይ ይረጭ፤ ዕቃውም ዳግመኛ ውሃ እንዳይይዝ ወዲያው ይበሳ። የመርጫው መሣሪያ በምንጭና በወንዝ ዳር አይታጠብ። ባዶ ጀሪካኑን በገበያ የሚሸጥ ነጋዴ ቢኖር ሽማግሎች ጠርተው ይምከሩት፤ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተቀመጠው የመጠጥ ውሃ ጀሪካንም ቀድሞ ምን እንደ ነበረበት መምህሩ ነገ ጧት ይጠይቅ።