ኳስ ቀላቢው ከሳሽ
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ማታ ስለ አንድ አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ልንናገር ነው የቆምነው። ርእሱ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ «ቤዝቦልና እኛ ምን አገናኘን?» ያሉ ጓደኞች መኖራቸውን ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ስለ ጨዋታው የምንናገረው ነገሩን ለመረዳት የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ስለ ሥራ ውል፥ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ማኅበር ነው። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቤዝቦል ሜዳውን የሚጠብቁት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። አንዱ ኳሱን ይወረውራል፤ የባላጋራው ወገን ሰው ደግሞ በዱላ ይመታዋል። በልጅነቱ የገና ጨዋታ የተጫወተ ሰው ዱላና ኳስ አዲስ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ግን በቤዝቦል የተመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከቀለቡት መቺው ወዲያው መውጣቱ ነው። ከዘጠኙ ሦስቱ ከሩቅ፥ በአጥሩ ሥር ባለው ሰፊ ሣር ላይ ይቆማሉ። የውጭ ሜዳ ተጫዋቾች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከሦስቱም ከባዱ ሥራ የመካከለኛው ነው፤ የራሱን ስፍራ ጠብቆ በግራና በቀኝ ያሉትንም ይደግፋል። ዱላው ኳሱን ገና ሲነካው ወዴት እንደሚወድቅ ገምቶ፥ ብዙ ጊዜም ጀርባውን አዙሮ፥ መሮጥ አለበት። ሥራ ሳይመጣበት ረጅም ሰዓት ቆሞ ሊውል ይችላል። ሥራው ሲመጣ ግን የሚረዳው ሰው በአጠገቡ የለም።

ከርት ፍለድ ይህን ስፍራ በሴንት ሉዊስ ከተማ ለካርዲናልስ ቡድን ዐሥራ ሁለት ዓመት ጠብቆአል። የተወለደው በ1938 በቴክሳስ፥ በሂዩስተን ከተማ ሲሆን ያደገው በካሊፎርንያ፥ በኦክላንድ ነው። የተማረበት የማክሊሞንድስ ትምህርት ቤት ታላቁን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቢል ራስልንና የቤዝቦሉን ፍራንክ ሮቢንሰንን ያወጣ ነው፤ ለአንድ የድሆች ሰፈር ትምህርት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ1956፥ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ፥ ከሲንሲናቲ ቡድን ጋር ተፈራረመ። ቡድኑም ለልምምድ ወደ ታናናሾቹ ሊጎች፥ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ላከው። እዚያ ከመቶ ሙከራ ሠላሳ አራቱን አሳካ። በዚህ ጨዋታ ከመቶ ሠላሳ ያሳካ ሰው የተመሰገነ መቺ ነውና ውጤቱ ለጀማሪ እጅግ ያማረ ነበር። ነገር ግን ፍለድ ጥቁር ነው፤ አገሩም የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ደቡብ ነው። ጓደኞቹ በሚበሉበት ምግብ ቤት መብላት፥ በሚያድሩበት ሆቴል ማደር አይፈቀድለትም ነበር። ራሱ በኋላ ከተናገረው አንዱን ብቻ እንጥቀስ። በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ በነበረበት ዕለት፥ በመካከሉ ዕረፍት ላይ፥ ላብ ያራሰውን የጨዋታ ልብሱን አውልቆ ከጓደኞቹ ልብስ ጋራ ከመረው። የልብስ ጠባቂው ግን የእርሱን ልብስ በእጁ ላለመንካት በእንጨት ለይቶ አነሣው፤ ለብቻውም ወደ ጥቁሮች ልብስ አጣቢ ላከው። የሌሎቹ ታጥቦ ሲመጣ የእርሱ እስኪመለስ ልጁ ራቁቱን ተቀምጦ ጠበቀ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ወጥቶ ኳስ መቅለብ ነበረበት።

በታኅሣሥ 1957 ሲንሲናቲ ለሴንት ሉዊስ አሳልፎ ሰጠው። ያን ጊዜ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበርና፥ እንደ ደንቡም አስቀድሞ ፈቃዱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

በሴንት ሉዊስ የሠራውን ባጭሩ እንለፈው። ከ1963 እስከ 1969 በያመቱ ሳያቋርጥ ሰባት ጊዜ የወርቅ ጓንት ተሸለመ፤ ይህም በየስፍራው ከሁሉ ለበለጠው ጠባቂ የሚሰጥ ሽልማት ነው። ቡድኑ በ1964ና በ1967 የአገሩ ሻምፒዮን ሲሆን የመካከለኛው ሣር ጠባቂ እርሱ ነበር። በ1966 የጨዋታ ወራት በሙሉ አንድም ስሕተት አልተመዘገበበትም፤ ከ1965 መጨረሻ እስከ 1967 ድረስም ያለ አንዳች ስሕተት 226 ጨዋታ በተከታታይ ተጫወተ። በሙያው ዘመን 1,861 ጊዜ በሚገባ መታ።

ሆኖም ብዙ ተመልካች የሚያስታውስበት ያልቀለበውን ኳስ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1968 ሴንት ሉዊስ ከዲትሮይት ጋር ለሻምፒዮንነት የሚወስነውን ሰባተኛውን ጨዋታ ያደርጉ ነበር። በሰባተኛው ዙር ገና ምንም ነጥብ አልተቈጠረም። የዲትሮይቱ ጂም ኖርዝረፕ ኳሱን ወደ መካከል አጎነው። ፍለድ መጀመሪያ ወደ ፊት ተራመደ፤ ወደ ኋላ ልሩጥ ሲል እግሩ አዳለጠው፤ ኳሱም በላዩ አለፈ። ሁለት ሰዎች ነጥብ አስቈጠሩ፤ ዲትሮይትም 4 ለ 1 አሸነፈ። የሚያስገርመው፥ በመዝገቡ ላይ ይህ ለመቺው እንደ መልካም ምት ተጻፈ እንጂ ለፍለድ እንደ ስሕተት አልተቈጠረበትም። ሕዝቡ ግን የራሱን መዝገብ ይይዛል።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ተጫዋች የሚፈርመው ለአንድ ዓመት ነበር። በውሉ ውስጥ ግን ተጫዋቹ ለሚቀጥለው ዓመት ባይፈርም ቡድኑ ያንኑ ውል በገዛ ሥልጣኑ ለአንድ ዓመት ማደስ ይችላል የሚል አንቀጽ ነበረበት። እኛ የማቆያ አንቀጽ እንበለው። ባለቤቶቹ የተረጐሙት እንዲህ ነው፤ የታደሰው ውል ይህንኑ አንቀጽ ስለሚጨምር እንደ ገና ይታደሳል፥ ከዚያም እንደ ገና። አንድ ዓመት የተባለው ዕድሜ ልክ ሆነ ማለት ነው። ቡድኑ ተጫዋቹን ሊያቆየው፥ ሊለውጠው፥ ሊያሰናብተውም ይችላል፤ ተጫዋቹ ግን ሥራውን ጨርሶ ከመተው በቀር ምርጫ የለውም። ይህ ሥርዐት የተጀመረው በ1879 ነው። በ1922 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቤዝቦል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር የሚደረግ ንግድ አይደለምና የንግድን ብቸኛ ይዞታ የሚከለክለው ሕግ አይደርስበትም ብሎ ፈረደ፤ በ1953ም ያንኑ አጸና። የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ብዙ እንደሚከራከሩ እናውቃለን፤ ለእኛ ግን በባቡርና በአውሮፕላን ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ቲኬት የሚሸጥ ድርጅት ነጋዴ ካልሆነ ነጋዴ የሚባለው ማን እንደ ሆነ አይገባንም።

በጥቅምት 1969 አንድ ቀን ማለዳ የፍለድ ስልክ ደወለ። ከቡድኑ ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው፥ ከሌሎች ሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ፊላዴልፊያ መለወጡን ነገረው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለው ሰው ስንብቱን የሰማው በዚህ ዐይነት ነው። በዚያ ዓመት ደመወዙ 90,000 ዶላር ነበር፤ ፊላዴልፊያም ከዚያ በላይ ሊከፍለው ፈቃደኛ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የገንዘብ አልነበረም።

ፍለድ ወደ ተጫዋቾች ማኅበር ሄደ። የማኅበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ማርቪን ሚለር ነበሩ። እርሳቸውም በብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ብዙ ዘመን የሠሩ፥ ነገሩን ሳያስጌጡ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ብትከስ ታሸንፋለህ ብሎ ማሰብ አይቻልም፥ የጨዋታ ዘመንህ ያልቃል፥ ከዚያም በኋላ በዚህ ሙያ በአሠልጣኝነት የሚቀጥርህ አታገኝም አሉት። ፍለድ ሌሎቹን ተጫዋቾች ይጠቅም እንደሆነ ጠየቃቸው። አዎን፥ በተለይ ከኋላ የሚመጡትን፥ አሉት። እንግዲያስ ይበቃኛል አለ። ይህን የተናገሩት ሚስተር ሚለር ራሳቸው ናቸው።

በታኅሣሥ ወር የየቡድኑ ተወካዮች በፖርቶ ሪኮ ተሰብስበው ነበርና ማኅበሩ ፍለድን አቀረበላቸው። ከተወካዮቹ አንዱ፥ ይህን የምታደርገው ጥቁር ስለ ሆንህ ነውን? ብሎ ጠየቀው። ፍለድም ጥቁርነቱ የግፍን ነገር ይበልጥ እንዲሰማው እንዳደረገው ሳይክድ፥ የሚከስሰው ግን እንደ ተጫዋች፥ ስለ ተጫዋቾች ሁሉ መሆኑን መለሰ። ሃያ አምስቱም ድምፃቸውን ሰጡት፤ ማኅበሩም የጠበቃውን ወጪ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ታኅሣሥ 24 ቀን ፍለድ ለቤዝቦሉ ኮሚሽነር ለሚስተር ቦዊ ኩን ደብዳቤ ጻፈ። ሐሳቡ ያለ ፈቃዱ የሚሸጥና የሚገዛ ዕቃ አለመሆኑን የሚገልጽ ነው። ኮሚሽነሩ ሲመልሱ፥ ሰው ዕቃ አለመሆኑን እቀበላለሁ፥ ውሉ ግን ውል ነው አሉ።

በጥር 1970 ክሱ በኒው ዮርክ ተከፈተ። ያን ጊዜ በቴሌቪዥን፥ ዘጠና ሺሕ ዶላር የሚያገኝ ሰው ባርያ ነኝ ሊል ይችላልን? ተብሎ ቢጠየቅ፥ ደመወዙ የበዛ ባርያም ቢሆን ያው ባርያ ነው ሲል መለሰ። በዚህ ቃል ላይ አስተያየታችንን ሳንሰጥ ማለፍ አንፈልግም። በአገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው፤ አያቶቻችን በዐይናቸው ያዩት ነገር ነው። በገበያ የተሸጠ ሰው ሥራዬን ትቼ ልሂድ ማለት አይችልም፤ ፍለድ ግን ይችል ነበር። ስለዚህ ቃሉ ከልኩ ያለፈ ይመስለናል። ቢሆንም የተናገረው ልብሱ በእንጨት የተነሣበት ሰው መሆኑን አንረሳም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የሚከተለው ነው። ችሎቱ በግንቦትና በሰኔ 1970 ሲካሄድ፥ ጃኪ ሮቢንሰን ሽበታቸውን ይዘው መጥተው መሰከሩለት፤ ሃንክ ግሪንበርግም እንዲሁ። ሁለቱም ከጨዋታ ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነበር። በዚያ ዓመት ደመወዝ ይበሉ ከነበሩት ተጫዋቾች ግን ለምስክርነት የቆመ አንድ ስንኳ አልነበረም። እጃቸውን አውጥተው የደገፉት ሃያ አምስት ነበሩ፤ በችሎቱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ግን ከመካከላቸው አልታየም። ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸውም ምክንያት ነበረው። ለስብሰባ ድምፅ መስጠትና ለምስክርነት መቆም ምን ያህል እንደሚራራቁ በዚህ አዳራሽ ላለነው ማስረዳት አያስፈልግም።

ፍለድ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረታ፤ በይግባኝም ተረታ። ጉዳዩ በመጋቢት 1972 ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠበቃው ሚስተር አርተር ጎልድበርግ ቀድሞ የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ቢሆኑም፥ በዚያ ቀን ክርክራቸው እጅግ ደካማ ነበር። በሰኔ 19 ቀን 1972 ፍርዱ 5 ለ 3 በፍለድ ላይ ተሰጠ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ብላክመን በመግቢያው ላይ የጥንት ተጫዋቾችን ስም በረድፍ ቢደረድሩ፥ ከእርሳቸው ጋር ከፈረዱት ሁለቱ ያን ክፍል አንፈርምም አሉ። ከዚያ ቀጥለው፥ ቤዝቦል በእርግጥ ንግድ ነው፥ ከሕጉ ውጭ መሆኑም ያልተለመደ ነገር ነው፥ ነገር ግን ሃምሳ ዓመት የቆየ ስለ ሆነ ማረም ያለበት ኮንግሬስ ነው ሲሉ ደመደሙ። ስሕተቱ ታውቆ ስላረጀ ተከበረ ማለት ነው። ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ ጥቁሩ ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል ነበሩ።

ፍለድ የ1970ን ዓመት ሳይጫወት፥ ሳይከፈለውም አሳለፈ። በ1971 ለዋሽንግተን ቡድን በ110,000 ዶላር ተመለሰ። ነገር ግን እግሩም ዐይኑም እንደ ዱሮው አልሆኑለትም፤ ከ35 ሙከራ የተሳካለት 7 ብቻ ነው። ከ13 ጨዋታ በኋላ ትቶ ወደ ስፔን ሄደ። ዕድሜው ሠላሳ ሦስት ነበር።

ማኅበሩ ግን በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ባለቤቶቹ በፍለድ ክስ ላይ፥ ይህ በድርድር የሚያልቅ እንጂ የፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም እያሉ ይከራከሩ ነበር። ሚስተር ሚለርም በ1970ው ስምምነት፥ በውል ላይ የሚነሣ ክርክር በገለልተኛ የግልግል ዳኛ እንዲታይ አስፈረሙአቸው። በ1973 ደግሞ በሊጉ ዐሥር ዓመት፥ በአንድ ቡድን አምስት ዓመት የቈየ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ አይለወጥም የሚል ደንብ ገባ፤ በ1969 ቢኖር ኖሮ ፍለድን ያድነው ነበር። ከዚያም ሜሰርስሚዝና ማክናሊ የተባሉ ሁለት ኳስ ወርዋሪዎች የ1975ን ዓመት ሳይፈርሙ ተጫወቱ። ጉዳያቸው በግልግል ዳኛው በሚስተር ፒተር ሳይትዝ ፊት ቀረበ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1975፥ ፍለድ ደብዳቤውን ከጻፈ ስድስት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፥ ዳኛው አንድ ዓመት ማለት አንድ ዓመት ነው ብለው ወሰኑ። በ1976 ከ51,000 ዶላር ጥቂት ያለፈው የተጫዋቾች መካከለኛ ደመወዝ በ1980 ከ143,000 በላይ ደረሰ። ከዚህ ለፍለድ የደረሰው አንድ ሳንቲም የለም።

በጥር 1997 በሎስ አንጀለስ በጉሮሮ ካንሰር ሞተ። በጥቅምት 1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በስሙ የተጠራውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ የታላላቆቹን ሊጎች ተጫዋቾች የሥራ ጉዳይ በንግድ ሕጉ ጥላ ሥር አገባቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለኮንግሬስ ከተወው ሃያ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በታናናሾቹ ሊጎች ያሉትን ግን ሕጉ ለይቶ ተዋቸው፤ ፍለድ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በኖርዝ ካሮላይና በነበረበት ስፍራ ያሉትን ማለት ነው። እነርሱ ወደ ተጫዋቾች ማኅበር የገቡት በ2022 ነው።