የጠራ ድምፅ

በይፋግ ለጎልማሶች የንባብ ክፍል አንድ ዘማች ተማሪ ያደረገው ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህች ትንሽ ዕቃ ነው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሚሞሪ ይገባባታል፤ ትዘፍናለች፤ ትናገራለች። ዋጋዋ ርካሽ ነው። ድምፅዋ ግን ይታፈናል፤ ይንጫጫል። «ርካሽ ናትና ምን ይደረግ!» ብለን ትተናት ነበር። መተዋችን ምን ሊያስከፍለን እንደነበረ ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት የርብ ውኃ ሜዳውን ሲሞላ ልጆች በተቅማጥ ይታመሙ ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ ከንባብ በኋላ በሚሞሪ የተቀዳ የጤና ትምህርት አብረን እንሰማ ጀመር። አንድ ማታ ትምህርቱ የሚለው እንዲህ ነበር፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው ልክ ይሁን እንጂ አይቆለል፤ ለታመመው ልጅ ደጋግማችሁ አጠጡት። ሲያበቃ፣ «እስቲ ምን ሰማችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

አንዲት እናት፣ «ስድስት ማንኪያ ጨው ነዋ፣ ልጄ!» አሉ።

ደነገጥኩ። ጨው ሲበዛ ሕፃን ይገድላል። እናቲቱ ግን አላጠፉም። ዕቃዋ «ስድስት የሻይ ማንኪያ» አለች፤ ቀጥሎ እምምም እያለች ጮኸች፤ ከዚያ «ጨው» አለች። መኻሉን በላችው። እሳቸው የተናገሩት የሰሙትን ነው።

አንዱን ካንዱ አለመለየት ምን እንደሚያመጣ በዚህ አገር የታወቀ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የታወቀው ካላዛር መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ነበር። በሽታው እስኪለይ ድረስ ብዙ ወገን ሞተ። ስለዚህ «ያው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ታዲያ ድምፁ ለምን ይበላል? እስቲ እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉ። «ዝዝዝ» በሉ። ጉሮሯችሁ ይነዝራል። አሁን «ስስስ» በሉ። አይነዝርም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት እንዲህ ያሉ ቀጭን ድምፆች ናቸው። ዕቃ ሲበላሽ ወይም ጩኸት ሲበዛ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። «ሰባት» ከሚለው ቃል ላይ ትን አንሱ። «ሰባ» ይሆናል። ሰባት ቀንና ሰባ ቀን አንድ ነው? በወረቀት ላይ አንዲት ፊደል ስትጎድል ነገሩ እንደሚለወጥ ተምራችኋል። በጆሮም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዋ እንመለስ። ሚሞሪው ውስጥ ድምፅ የለም። ያለው ቁጥር ነው። በዕቃዋ ሆድ ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ አንዲት ክፍል አለች። ባለሙያዎች ዲኮደር ይሏታል፤ ፈቺ ማለት ነው። እናንተ ፊደሉን አይታችሁ ድምፅ እንደምታወጡ፣ እሷም ቁጥሩን አንብባ ድምፅ ታወጣለች። ብዙ ጊዜ በአንድ ሴኮንድ 44,100 ቁጥር ትፈታለች። ቁጥሩ ብዙ ቦታ እንዳይፈጅ ታምቆ ይጻፋል። አንዱ አጻጻፍ ኤም ፒ ስሪ ይባላል። ይህን አጻጻፍ በማውጣት ብዙ የደከሙት በጀርመን አገር ፍራውንሆፈር በሚባል የምርምር ተቋም የነበሩ ሰዎች ናቸው። የፋይሉን ስም ኤም ፒ ስሪ ያሉት በ1987 ዓ.ም. ነው። ሥራው እንደ ማበጠር ነው፤ ጆሮ ብዙም የማይለየው ይጣላል። ግን ከመጠን በላይ ከተበጠረ እህሉም አብሮ ይወድቃል። ከቅጂው ላይ የጠፋ ድምፅ በምንም ጥገና አይመለስም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂውን ፈተንን። ሚሞሪውን አውጥተን ትልቅ ዕቃ ውስጥ ከተትነው። ጥርት ብሎ ተሰማ። እንግዲህ ቅጂው ደኅና ነው። ቀጥሎ የጆሮ ማዳመጫ በትንሿ ዕቃ ላይ ሰክተን አዳመጥን። አሁንም ጥሩ ነው። ስለዚህ አንባቢዋ ጎበዝ ናት፤ የታመመው አፏ ነው አልን። ከሬዲዮ ጠጋኝ ጋር ሆነን አራት ነገር አደረግን።

አንደኛ፣ ጩኸቱን ከምንጩ አጠፋን። እምምም የምትለው ከመብራት ጋር ስትያያዝ ነበር። ገመዱን ስንነቅለው ጩኸቱ ጠፋ። ርካሽ ቻርጀር የመብራቱን ኃይል አጣርቶ አይሰጥም። ስለዚህ ቀን ቻርጅ እናደርጋታለን፤ ማታ በባትሪዋ እንሰማለን። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ሁለተኛ፣ ጠጋኙ ካፓሲተር ጨመረላት። ካፓሲተር እንደ ውኃ ገንቦ ነው። ምንጩ ቀጭን ቢሆንም ገንቦ ሞልቶ ከተቀመጠ፣ እንግዳ በድንገት ሲመጣ ውኃ አያጥርም። ድምፁ በድንገት ከፍ ሲል ባትሪው እንዳይደክም ካፓሲተሩ የያዘውን ይሰጣል። እኛ ያስገባነው 1000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት የሚል ነው። ዋልታ አለው፤ የመቀነስ ምልክቱ ከመቀነስ ጋር ይያያዛል። ከተገለበጠ ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ሥራው ዕቃዋ ከመብራት ተነቅላ የሚሠራ ነው። ባትሪው እንዳይበሳና እንዳይግል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማታውቁት ከሆነ ለጠጋኝ ስጡ።

ሦስተኛ፣ ድምፅ ማጉያውን ለወጥን። የፊተኛው ከቡና ስኒ አፍ አይሰፋም። ከሞተ አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ስንዝር ያህል የሚሰፋ አወጣን። ከጀርባው ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከቁጥሩ አጠገብ የተገለበጠ ሀ የመሰለ ምልክት አለ። ኦም ይባላል። አዲሱ ቁጥር ከፊተኛው እኩል ወይም በለጥ ያለ መሆን አለበት። ካነሰ ዕቃዋ ከአቅሟ በላይ ትሠራና ትቃጠላለች። ጠጋኙ መነጽሩን ረስቶ ነበር። ቁጥሩን ያነበቡለት ማን ይመስላችኋል? እኒያው «ስድስት ማንኪያ ጨው» ያሉት እናት ናቸው። «ሁለቱም ላይ 4 ነው የሚለው» አሉ።

አራተኛ፣ ቤት ሠራንለት። ማሲንቆ ቆዳና ጭራ ብቻ ቢሆን ማን ይሰማው ነበር? ድምፅ የሚሰጠው ቆዳው ሣጥን ላይ ስለተወጠረ ነው። ድምፅ ማጉያም በፊቱ ሲገፋ በጀርባው ይስባል። ባዶውን ከተቀመጠ የፊቱና የጀርባው ድምፅ ይጣላሉ፤ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ስለዚህ ከጣውላ ሣጥን ሠራን፤ በድምፅ ማጉያው ልክ ቀደድነው፤ ስንጥቁን በሰም ደፈንነው። ውስጡ እንዳያስተጋባ ትንሽ ጥጥ ጨመርንበት።

ሁለት ነገር ደግሞ አስተውሉ። ድምፁን እስከ መጨረሻ አትክፈቱ፤ ዕቃዋ ከአቅሟ በላይ ስትጮህ ቃሉ ይሰባበራል። ፊቷንም ወደ መሬት አትድፉት፤ ቀጭኑ ድምፅ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። በራስ ቁመት ከፍ አድርጋችሁ ወደ ሰሚው አዙሯት።

ሲያልቅ ያንኑ ትምህርት ደግመን ከፈትን። እናቲቱ እስከ መጨረሻ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ፣ «ስድስት ስኳር፣ ግማሽ ጨው፣ አንድ ሊትር ውኃ። ያን ማታ ልጄ ታሞ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር?» አሉ። ማንም መልስ አልሰጠም። እሳቸው ግን ጠመኔ ተቀብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

ወገኖቼ፣ የእኔም ምክር ይኸው ነው። ዕቃችሁን አስተካክሉ፤ ርካሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። ግን ድምፁ ቢጠራም የሰማችሁትን ጻፉት፤ የጻፋችሁትን ለሌላ ሰው አንብቡለት። ከጤና ኬላ የሚሰጠው የኦ አር ኤስ ዱቄት ካለ እሱ ይቅደም። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱን አይከልከል። ሕመሙ ከጠና ሳትዘገዩ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።



ተወያዩበት

1. እናቲቱ የተሳሳቱት ለምንድን ነው?
2. ቅጂው ራሱ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ አራቱ ሥራዎች ይጠቅሙ ነበር?
3. «ስድስት» ከሚለው ቃል የመጨረሻው ፊደል ቢጠፋ ከየትኛው ቁጥር ጋር ሊምታታ ይችላል?
4. በቤታችሁ ያለው ዕቃ የሚጮኸው በባትሪ ነው ወይስ በመብራት? ፈትናችሁ ለክፍሉ ንገሩ።